አባቴ የመሰከረበት ዓርብ

እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ ስለ አባቴ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴ «የለም» ነበር። «የለም» ምቹ ቃል ነው። ጠያቂው ሞቷል ማለቷ ነው ብሎ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ እኔም አልዋሸሁም ብዬ እጽናናለሁ። ይህ ቃል አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጁባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ አልሠራ አለኝ። የምነግራችሁ ከዚያ ሐሙስ እስከ ማግስቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት የሆነውን ነው። ሲቆጠር አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ዕድሜዬን የምከፍለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰላማዊት ነው። ያደግኩት አሰላ፣ ከእናቴ ከውብዓለም ጋር በአያቴ ቤት ነው። አባቴ በቀለ ጥሎን የሄደው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሲሆን፣ ለምን እንደሄደ በቤታችን አይወራም። ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝ የእናቴ አባት፣ አያቴ አቶ አየለ ናቸው። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲላቸው ሳያመነቱ «አየለ» አሉ። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ድረስ «ሰላማዊት አየለ» ተብዬ ተማርኩ። አያቴ የመጨረሻ ውጤቴን ሳያዩ አረፉ።

ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም ተመድቤ ነበር። በዚያው ክረምት ግን እናቴ ታመመች። የሚያስታምማት ከእኔ ሌላ ሰው ስላልነበረ ምደባው አለፈኝ። ወራት ሙሉ የሆስፒታል አግዳሚ ላይ እያደርኩ፣ ሐኪሞቹ ከክፍሏ ሲወጡ ፊታቸውን አነብ ነበር። ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ያወቅኩት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

እናቴ ተሽሏት ቀና ስትል፣ ጁባ ምግብ ቤት የከፈተችው ታናሽ እህቷ አክስቴ ጽጌ «ሰላም ትምጣና ከእኔ ጋር ትሥራ» ብላ ላከች። ፓስፖርት ሳወጣ የልደት ካርዴ ላይ የነበረው የወላጅ አባቴ ስም ነውና «ሰላማዊት በቀለ» ተብሎ ወጣ። አይቼዋለሁ። ቸኩዬ ስለነበር ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የአክስቴ ምግብ ቤት ማላኪያ የሚባል ሰፈር ነው። ጁባ በገባሁ በሳምንቱ አትክልት እየከተፍን ሳለ፣ አክስቴ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፤

«አባትሽ እዚህ ከተማ ነው ያለው። ጉዴሌ ሰፈር ውሃ በቦቴ ያመላልሳል። ብታዪው መንገድ ተሻገሪ።»

አንድ ጊዜ አየሁት። በምሳ ሰዓት ቀጠን ያለ፣ ግንባሩ ገለጥ ያለ ሰው ገብቶ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ሄዳ ፊቱ ቆመችና «ምግብ አልቋል» አለችው። ቤቱ በወጥ ሽታ ታውዷል፤ ሰው ሁሉ እየበላ ነው። ሰውየው ቤቱን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ሊበላ ነው የመጣው ወይስ ሊያየኝ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ተመልሶ አልመጣም።

ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ደቡብ ሱዳን ከሱዳን የምትለይበት ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከደንበኞቻችን አንዱ የሆነ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ጋዜጣ ይዞልኝ መጣ። የከተማው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ትምህርት አመልካቾችን ይቀበላል፤ የውጭ ዜጎችም ይችላሉ ይላል። ወንበሩ ለአገሬው ልጆች እንኳ የሚበቃ አይደለም። ከአሥሩም ግዛት በኮታ የሚመጣ አለ፣ ከስደተኛ ካምፕ የተመለሰ አለ፣ ከካርቱም የመጣ አለ። ለውጭ ዜጋ የተተወው በጣት የሚቆጠር ቦታ ነበር። ቢሆንም ፎርሙን ሞላሁ፤ ማስረጃዬን ከአሰላ አስላክሁ።

ያን ሐሙስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላዬ የቆመችው ቁመተ ረጅም ልጅ በስልኳ ስታወራ ድንገት አማርኛ ሰማሁ። ኛኩዎት ትባላለች። አባትና እናቷ በጦርነቱ ጊዜ ተሰድደው ጋምቤላ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ነው አገሯ የገባችው።

«ኢትዮጵያ ስደተኛ ነበርኩ» አለችኝ እየሳቀች። «እዚህ ስመጣ ደግሞ ወረቀትሽ የሐበሻ ነው ብለው ከእናንተ ሰልፍ አቆሙኝ።»

መስኮቱ ጋ ስደርስ ውስጥ የተቀመጡት ሰው ሁሉ በአክብሮት «ኡስታዝ» ላዶ የሚላቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ማስረጃዬን በአንድ እጃቸው፣ ፓስፖርቴን በሌላው ያዙ።

«ሰላማዊት አየለ ማናት?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰላማዊት በቀለስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

ሁለቱንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። «እንግዲያ ሁለት ሰው ነሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የነገሩኝ። «በሌላ ሰው ውጤት ለመግባት የሚሞክር ብዙ ነው። አንቺ ነሽ አላልኩም። ግን የአባት ስም ሲለያይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አባትሽ የት ነው?»

«የለም» አልኩ፤ እንደ ልማዴ።

«መዓሌሽ፣ አዝናለሁ። የሞተበትን ወረቀት አምጪ።»

ፓስፖርቴን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት። ኡስታዝ ላዶ ይህን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በሕይወት ካለ ደግሞ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይማል። ሁለቱ ስም የአንድ ልጅ ነው ብሎ ዳኛ ፊት ይፈርማል። ነገ እኩለ ቀን ላይ ይህ መስኮት ይዘጋል፤ የውጭ ዜጎች ዝርዝር ወደ ኮሚቴው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም።»

ወረቀቶቼን ሰብስቤ ከሰልፉ ወጣሁ። እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም። ኛኩዎት ጉዳይዋን ጨርሳ ግቢው ውስጥ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ።

«እህቴ፣ አይዞሽ። ይቺን የመሐላ ነገር እኔም አልፌባታለሁ። ፍርድ ቤቱ ጠዋት ነው የሚከፈተው። አባትሽን ይዘሽ መሄድ ብቻ ነው።»

«አባቴ የለም» አልኳት እንደገና።

«የለም ማለት ሞቷል?»

ለምን ለእሷ እውነቱን እንደነገርኳት አላውቅም። ምናልባት ካወቅኋት ሁለት ሰዓት ስላልሞላ ይሆናል። «ጉዴሌ ነው ያለው» አልኩ።

አልሳቀችም። ለምን የለም አልሽ ብላም አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ቅርብ ነው» አለች።

ምግብ ቤት ተመልሼ ለአክስቴ ስነግራት የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። እህቷን ጥሎ የሄደን ሰው ደጅ እንድጠና መፍቀድ ለእሷ ቀላል አልነበረም። ወጥ ቤቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረች።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም እታባ።»

«እንግዲያ ሂጂ። ግን ስሚኝ፤ ታሪክ አያውራ። 'የጸሐፊ ስህተት ነው' ብሎ ይፈርም፣ ይሂድ። አንቺም አልቅሰሽ እንዳታሳዪው።»

ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ይዤ ጉዴሌ ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ቀኑን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሞተረኛው አንድ ቦታ ላይ «ከዚህ ወዲያ በእግርሽ» ብሎ አወረደኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች «ሐበሻው የቦቴ ሹፌር የት ነው?» እያልኩ ጠየቅኩ። አንዷ በአገጯ ወደ ታች አመለከተችኝ።

ቦቴው የኋላ ጎማው እስከ ግማሽ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ሥሩ ተንበርክኮ ሳንቃ የሚያስገባ ሰው አለ። ከሩቁ አወቅኩት። ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«አቶ በቀለ ነዎት?»

«አዎ፣ ማን ልበል?» አለ ቀና ሳይል።

«ሰላማዊት ነኝ።»

«የማን ሰላማዊት?»

የእርስዎ ማለት አልቻልኩም። «የውብዓለም ልጅ» አልኩ።

ሳንቃውን ለቀቀው። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ መልሶ ጠረገ። ሊጨብጠኝ የፈለገ ይመስለኛል፤ ጭቃውን አይቶ ተወው።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አንቺስ? ስንት ዓመትሽ ነው?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ «በጥር ሃያ አንድ ይሞላሻል» አለ።

ይህን በማወቁ ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ። ዕድሜዬን ቆጥሮ የያዘ ሰው አንድ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም ነበር? ንዴቱ ግን ምላሴን ፈታልኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ አንድ በአንድ፣ እንደ እንግዳ ሰው «እርስዎ» እያልኩ ነገርኩት። ሁለቱን ስም፣ መሐላውን፣ የነገውን ስድስት ሰዓት።

«የጸሐፊ ስህተት ነው ብለው መፈረም ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

«እሺ» አለ። ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ከዚያ ጨመረ፤ «ሰላማዊት፣ ለሠራሁት ምክንያት የለኝም። ሰበብ ነው ያለኝ። ሰበቤን ልንገርሽ?»

«አልፈልግም።»

«ደግ አደረግሽ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አክስትሽ ቤት በር ላይ ነኝ።»

የሰመጠውን ጎማ አየሁት። እሱም እኔ የማየውን አየ። «ይወጣል» አለኝ።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ተኩል ሆነ። አክስቴ ከውስጥ እየወጣች መንገዱን ታያለች፤ ተመልሳ ትገባለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አልነገርኩሽም?» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ እንጂ። በዚያች ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ ተጥዬ የቀረሁ መሰለኝ፤ መጀመሪያውን አላስታውሰውም፣ ይሄን ግን ቆሜ እያየሁት ነው። ለምን ሄድኩ፣ ለምን ለመንኩት እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቦቴው ድምፅ ተሰማ። መኪናው ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። እሱም ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከላይ ግን ነጭ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

«ሌሊቱን ስንገፋው አደርን» አለ። «ይቅርታ፣ ዘገየሁ።»

አክስቴ በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ውስጥ ገብታ ውሃ በጆግና ፎጣ ይዛ ወጣችና እጁ ላይ አፈሰሰችለት። ታጠበ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጽጌ» አለ። «ፍጠኑ» አለችው።

ፍርድ ቤቱ ስንደርስ አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። በዝናቡ ምክንያት ዳኛዋ እስከ አራት ሰዓት አልደረሰችም። የእኛ ስም ሲጠራ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ሰው እዚያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉም የሁሉንም ጉዳይ ይሰማል።

ዳኛዋ መነጽር ያደረገች፣ አጭር ንግግር የምትወድ ሴት ናት። ወረቀቶቼን አየች። አባቴ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ማለ። ንግግሩ በጁባ አረብኛ ነበር፤ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ሠርቼበታለሁና ቃል በቃል እሰማለሁ።

«ይህች ልጅ ምንህ ናት?»

«ልጄ ናት።»

በሕይወቴ ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታዲያ ትምህርቷ ላይ ያለው አየለ የሚባለው ማነው?»

አየሁት። የተስማማንበት ዓረፍተ ነገር አጭር ነው።

«የጸሐፊ...» ብሎ ጀመረና ቆመ።

ዳኛዋ ብዕሯን እንደያዘች ቀና አለች። «የጸሐፊ ምን?»

የግድግዳው ሰዓት ከዳኛዋ ራስ በላይ ነው፤ ደቂቃዋ ስትሄድ ይታየኛል። በቃ፣ ፈራ፣ ጥሎኝ ሊወጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

«የጸሐፊ ስህተት አይደለም» አለ። «እኔ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ጥያት ሄድኩ። ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው፤ አየለ ይባላሉ። እጇን ይዘው ትምህርት ቤት የወሰዷት እሳቸው ናቸው። አባቷ ማነው ሲሏቸው የራሳቸውን ስም ሰጡ። አልተሳሳቱም። የዚያን ቀን አባት የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

አግዳሚው ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጥጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ እንዳታለቅሺ ብላኛለች፤ አልቻልኩም።

ዳኛዋ ለአፍታ አየችው። «ይህን ሁሉ ልጻፈው?»

«ይጻፍ።»

«ስምህ ከሥሩ ይሆናል። ማንም ያነበዋል።»

«ይጻፍ» አለ ደግሞ።

ጻፈችው። ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ፣ እየሮጥን፣ ጠየቅኩት።

«ተስማምተን አልነበረም? ለምን እንደዚያ አሉ?»

«መሐላ ላይ ነኝ» አለ። ጥቂት ሄድ ካለ በኋላ ግን ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «አሥራ አምስት ዓመት አሳድገውሽ፣ እኔ መጥቼ አባባን ስህተት ናቸው ልበል?»

ቦቴው ውስጥ ገባን። መንገዱ ተዘጋግቷል። የጭነት መኪኖች፣ ሚኒባሶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ መኪኖች ጭቃው ውስጥ ይተራመሳሉ። አባቴ ጥሩንባውን እየነፋ ያን ትልቅ መኪና እንደ ብስክሌት ሲያሾልከው በበሩ እጀታ ተንጠልጥዬ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስንደርስ ለስድስት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ዘልዬ ወረድኩ።

ዘበኛው ከአሁን በኋላ አዲስ ሰው ሰልፍ አይገባም እያለ ነው። መስኮቱ ፊት የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። የመጨረሻዋን ሳይ ኛኩዎት ናት። የእሷ ጉዳይ ትናንት አልቋል፤ ዛሬ እዚያ የምትቆምበት ምንም ምክንያት አልነበራትም። ኮር ዊሊያም ሰፈር ካለው ቤቷ በጭቃ በእግሯ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ ተራ ይዛልኛለች። ተራው ሲደርስ ከኋላዋ ላለው እየለቀቀች፣ መልሳ መጨረሻ እየሆነች።

«እህቴ ናት፣ ቦታው የእሷ ነው» አለችው ዘበኛውን በአረብኛ። የእሷን ቁመትና የእኔን ቁመት አይቶ ሊስቅ ነበር፤ ግን አሳለፈኝ።

ኡስታዝ ላዶ የመሐላውን ወረቀት ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ ሰው የት ነው?» አሉኝ።

«ውጭ ነው። መኪናው ውስጥ።»

ከወንበራቸው ተነስተው በኋላቸው ባለው መስኮት በኩል ወደ በሩ አዩ። ጭቃ የለበሰው ቦቴ ግማሽ መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ተመልሰው ተቀመጡና አዲስ ፎርም አወጡ።

«እኛ ዘንድ ስም ሦስት ነው» አሉ። «የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ሰላማዊት በቀለ አየለ ብዬ ልጽፍ ነው።»

«ኡስታዝ፣ አየለ የእናቴ አባት ናቸው። የአባቴ አባት አይደሉም።»

«አውቃለሁ። አሁን አነበብኩት እኮ» አሉና ጻፉት። ማኅተሙን መቱበት። መስኮቱ ከኋላዬ ሲዘጋ ስድስት ሰዓት ካለፈ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ውጭ ስወጣ አባቴ መሪው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። «ወረቀቴን ተቀበሉኝ» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። የምጠራበት ቃል ጠፋኝ። አባዬ አይወጣኝም፤ አቶ በቀለም ከዚያ በኋላ የሚሆን አልመሰለኝም።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

ራሱን ነቀነቀ። «ጉዴሌ ከትናንት ጀምሮ ውሃ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፍ ተፈተንኩ፤ ቃለ መጠይቅም ነበረ። ከወር በኋላ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ ከውጭ ዜጎቹ ተርታ ከታች ሁለተኛው ላይ ነበር። ኛኩዎት ሕክምና አልደረሳትም፤ እርሻ ደረሳት። ያን ዕለት አብረን አለቀስን፣ የእኔም የእሷም እንባ ተደባልቆ። ዛሬ የዘር ባለሙያ ናት፤ ስትደውል የምታወራኝ ስለ ማሽላ ነው። የእኔ ትምህርት ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም፤ የተቋረጠበትም ጊዜ አለ። ግን ጨረስኩት። ሐኪም ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእናንተም መካከል «የለም» የምትሉት ሰው ይኖራል። ይቅር በሉት ልላችሁ አልተነሳሁም፤ እኔ ራሴ ይቅር ያልኩበትን ቀን አላውቀውም። ሰበቡን የጠየቅኩት እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ በእኔና በእሱ መካከል ይቅር። ልነግራችሁ የምችለው ይህን ብቻ ነው። ያን ዓርብ አባቴ ለእኔ ሊሰጠኝ የሚችለው አንድ ነገር ነበረ፤ በሰው ፊት ራሱን የሚያሳፍር እውነት። ውሸቱ ይቀለው ነበር፤ እኔም የጠየቅኩት ውሸቱን ነው። እሱ ግን የሚከብደውን ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው ሰው የበደለህን ያህል እንኳ ባይከፍል፣ የሰጠህን መቀበል ነውር እንዳልሆነ የገባኝ። ሌሊቱን ጭቃ ሲገፋ አድሮ ከመጣ አባት፣ እጁ ላይ ውሃ ካፈሰሰች አክስት፣ ለማታውቃት ልጅ ግማሽ ቀን ጭቃ ላይ ከቆመች እህት፣ ሕጉን ሳይጥሱ ሰው ካዩ መዝጋቢ የተቀበልኩት ስጦታ ነው ዛሬ ነጭ ጋውን ያስለበሰኝ። የራሴ ጉብዝና ነው ብዬ አላውቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አሰላ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ወረቀቴን መቀበላቸውን ስትሰማ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን «ማን መሰከረልሽ?» አለችኝ።

«እሱ።»

«በቀለ?»

«አዎ።»

«ምን ብሎ?»

ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ጥሎ መሄዱን ማመኑን፣ አያቴ እጄን ይዘው መውሰዳቸውን፣ የዚያን ቀን አባት እሳቸው ነበሩ ማለቱን። ከወዲያ ምንም ድምፅ አልመጣም። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች እናቴ። ድምጿ ተለውጧል። «ሰው ሰማ? ሌላ ሰው ነበር?»

«ክፍሉ ሞልቶ ነበር እማዬ። ዳኛዋም ጻፈችው።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ትንሽ ከተማ፣ ባሏን ምን ብታደርገው ነው ጥሏት የሄደው ሲሏት የኖረች ሴት ናት።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።